የጋስቶኔ ግማሽ ስም

የጎረቤታችን የጋስቶኔ ስም ሁለት ቁራጭ ነበር። የፊተኛው ቁራጭ ሚስቱ ኤልዳ ዘንድ ይቀመጣል፤ የኋለኛው እሱ ጋ። ጉም ባሕሩን ሲሸፍነው ኤልዳ ቦዩ ጫፍ ላይ ትቆምና ሁለት እጇን አፏ ዙሪያ አድርጋ «ጋስቶ…!» ትላለች። ከዚያ ዝም ብላ ትጠብቃለች። ከነጩ ውስጥ፣ የት እንደሆነ ከማይታወቅ ቦታ፣ «…ኔ!» የሚል ድምፅ ይመለሳል። እንደገና «ጋስቶ…!»፣ እንደገና «…ኔ!»። ሁለቱ ቁራጮች እየተቀራረቡ ይመጡና የጀልባው አፍንጫ ድንጋዩን ሲነካ ስሙ ይገጥማል።

እኔ ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ጋስቶኔ ስሙን ሙሉውን መጥራት የማይችል ሰው ይመስለኝ ነበር። አዝንለት ነበር።

በደሴታችን ሴት ሁሉ ባሏን በጉም ትጠራለች። እናቴ አባቴን ስትጠራው የምትሰድበው ይመስል ነበር፤ አባቴም ጀልባውን የሚያፈጥነው ሰው እንዳይሰማበት ብሎ ነው። እማማ ፒዬሪና ባሏ ከሞተ በኋላም ከልማድ ብዛት ወጥታ ትጣራለች፤ ደግነቱ መልሶላት አያውቅም። ከቬኒስ የሚመጡ እንግዶች ቤቶቻችንን ቀይና ሰማያዊና ብርቱካን የምንቀባው ወንዶቹ በጉም ቤታቸውን እንዲለዩ ነው ይላሉ። ይህን ያለው ሰው በጉም ጀልባ ቀዝፎ አያውቅም። ጉም ውስጥ ቀለም የለም። ያለው ድምፅ ብቻ ነው።

የእነ ኤልዳ ቤትና የኛ ቤት በአንድ ግድግዳ ነው የተያያዙት፤ የእነሱ ሰማያዊ፣ የኛ ቢጫ። ግድግዳው ቀጭን ስለሆነ ሳቃቸው እኛ ጋ ይገባል። ያኔ ብዙ ይስቁ ነበር።

በዚያ ክረምት የደብራችን ቄስ አባ አኪሌ አዲስ ነገር አመጡ። በየዓመቱ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የሚታየው የሰማዕታት ታሪክ ነበር፤ ሕዝቡም የሰማዕት አንገት ሲቆረጥ ማየት ሰልችቶት ዋናው ክፍል ላይ ዘቢብ መብላት ጀምሮ ነበር። «ዘንድሮ ትልቅ ቴአትር እንሠራለን» አሉ አባ አኪሌ። ስለ አንድ የጦር አዛዥ ነው። ሚስቱን በጣም ይወዳል፤ የቅርብ ሹሙ ደግሞ ሹመት ስለነፈገው ቂም ይዞ ሚስትህ ከሌላ ሰው ጋር ናት እያለ በጆሮው ያንቆረቁርበታል። አንድ መሐረብ ሌላ ሰው ቤት ይገኛል። አዛዡም ሚስቱን በገዛ እጁ አንቆ ይገድላታል። «ሐሜት ምን እንደሚሠራ ትማሩበታላችሁ» አሉ አባ አኪሌ፣ ዓይናቸውን እማማ ፒዬሪና ላይ ጥለው።

አዛዡን የሚሠራው ጋስቶኔ ሆነ። ድምፁ እንደ በርሜል ነበር፤ በቅዳሴ «አሜን» ሲል የመቅረዙ ነበልባል ይርገበገባል። አንድ ችግር ብቻ አለ፤ ማንበብ አይችልም። ሸርጣን ያነብባል እንጂ ፊደል አያነብብም። ሥራው ሸርጣን መለየት ነው፤ የሚሸጠው ቅርፊቱን የጣለው ለስላሳው ነውና፤ ከቅርጫቱ አንድ በአንድ እያነሳ ነገ ቅርፊቱን የሚጥለውን ለብቻ፣ የማይጥለውን ወደ ባሕር። እኔ ሁሉም አንድ ዓይነት ይመስሉኛል። እሱ ሆዱን አንዴ ዓይቶ «ይሄ ነገ ራቁቱን ነው» ይላል፤ ነገም ራቁቱን ይሆናል።

ቃሉን እንዲያስጠናው ኤቫሪስቶ ተመደበ። ኤቫሪስቶ ጸጉር ቆራጫችን ነው። የሁሉንም ሰው ቃል በቃሉ ያውቃል፤ አዛዡን እኔ ልሥራ ብሎም ጠይቆ ነበር፤ ግን በልጅነቱ በያዘው በሽታ ድምፁ እንደ ክር ቀጥኗል። «አንተ ቃሉን ስጠው፣ እሱ ድምፁን ይስጥ» አሉት አባ አኪሌ ጸጉራቸውን እየተቆረጡ። ኤቫሪስቶ መቀሱን ሳያቆም ሳቀ። እናቴ እዚያው ነበረች፤ «ምንኛ ትሑት ሰው ነው» አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራው ሹክ ማለት ሆነ። መድረኩ ፊት ለፊት ወለሉ ላይ ቀዳዳ አለ፤ እዚያ ገብቶ አንገቱን ብቻ ብቅ አድርጎ፣ ሰው ቃሉን ሲረሳ ሹክ ይልለታል። ጋስቶኔ ደግሞ ስለማያነብብ ከልምምድ ውጭም አብሮት ይሄዳል፤ በጀልባ፣ በሸርጣን ማቆያው፣ በወይን ጠጅ ቤቱ። ከጆሮው ሥር ሹክ፣ ሹክ፣ ሹክ። እኛ ልጆች «ሹክ ባዩ» አልነው። እናቴ የተዋናዮቹን ልብስ ትሰፋ ስለነበር አዳራሹ ውስጥ እኔም ውዬ አመሽ ነበር፤ መድረኩ ሥር ከኤቫሪስቶ ጫማ አጠገብ መቀመጥ እወዳለሁ፤ ቤት ውስጥ ያለ ሌላ ቤት ይመስለኛል። ከዚያ ሆኜ ሳየው የሰው ቃል ሁሉ ኤቫሪስቶ አፍ ውስጥ የሚኖር፣ የቀሩት ከንፈራቸውን ብቻ የሚያንቀሳቅሱ መሰለኝ።

የአዛዡን ሚስት የሚሠራው ሊቪዮ ነበር። በቤተ ክርስቲያን መድረክ ወንድና ሴት አብረው አይቆሙም፤ ስለዚህ ሚስትም፣ ገረድም፣ የሰማዕት እናትም ወንድ ናቸው። ሊቪዮ የመረብ ጠጋኙ ልጅ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው ግን ፊቱ እንደ ሳህን ለስላሳ። ሲራመድ ደግሞ ጀልባ እንደሚጎትት ሰው ነው።

«ይሄ ነው ቆንጆዋ ሚስት?» አለች እማማ ፒዬሪና። «ይሄንንስ ማነቅ አያስፈልግም፣ ራሱ ደረጃ ላይ ወድቆ ይሞታል።»

«እኔ አስተምረዋለሁ» አለች ኤልዳ።

እውነትም አስተማረችው። ከሰዓት በኋላ እነ ኤልዳ ቤት ይመጣል፤ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ዞር ሲል ቀሚሱን እንዴት እንደሚሰበስብ፣ ሴት ስትፈራ እጇን የት እንደምታደርግ ታሳየዋለች። ለመድረክም የራሷን አረንጓዴ ቀሚስ ሰጠችው፤ የታጨች ዕለት የለበሰችውን፣ የአንገቱን ዳንቴል ራሷ የሠራችውን። እኔ ወለሉ ላይ ተቀምጬ እስቃለሁ። መጀመሪያ ጋስቶኔም ይስቅ ነበር። አንድ ቀን ከባሕር ሲመለስ አረንጓዴ ቀሚስ ለብሶ ጀርባውን የሰጠውን ሰው «የኔ ቆንጆ፣ እራት ደረሰ?» ቢለው ሊቪዮ ዞረ። ሦስቱም በሳቅ ወደቁ።

ሴቶቹ ብርድ በሌለበት ቀን ወንበራቸውን ደጅ ያወጣሉ፤ የሥራ ትራሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ዳንቴል ይሠራሉ። በኛ አገር አንድን ዳንቴል አንዲት ሴት አትጨርሰውም። አንዷ ዙሪያውን ታበጃለች፣ አንዷ ቅጠሉን፣ አንዷ መረቡን፤ ሥራው ከቤት ቤት ይዞራል። ኤልዳ የመጨረሻዋ ነበረች፤ ከተሰፋበት ወረቀት ፈትታ የምታወጣው እሷ ናት። ለቴአትሩ የሚሆነውንም መሐረብ እንዲሁ በዙር ሠሩት። ሲሠሩት በዋሉበት አንድ ቀን ወሬው ሁሉ እሱ ነበር።

«ቆይ እስቲ» አለች እናቴ። «ሰውየው ሚስቱን የሚገድላት መሐረቧ ሌላ ሰው ቤት ስለተገኘ ነው?»

«አዎ።»

«ይሄ መሐረብ ትናንት የት አደረ?»

«ማርቺሎ ቤት» አለች እማማ ፒዬሪና፣ «ሚስቱ መረቡን ስትሠራ።»

«እንግዲያው እኛ ሁላችን መታነቅ ነበረብን!»

ሲስቁ ትራሶቹ ጉልበታቸው ላይ ዘለሉ። ቀጥሎ እማማ ፒዬሪና መርፌዋን አቆመች። «ቢሆንም ክብር ነው እኮ። ወታደር ነው ሰውየው። ሚስትህ እንዲህ ናት ከተባለ በኋላ በየት በኩል ቀና ብሎ ይሄዳል?»

«ክብሩን የት አስቀምጦት ነው? እሷ አንገት ላይ?» አለች እናቴ።

«ጥፋቱ የሹሙ ነው። ያ እባብ» አለች ሌላዋ።

ኤልዳ ቀና ሳትል ነበር የምትሰማው። «እኔ ሹሙን አልጠላውም» አለች። «ውሸታም ነው፣ ይዋሻል፤ ሥራው ነው። የምጠላው ባልየውን ነው። ሹሙን ይጠይቃል፣ ገረዲቱን ይጠይቃል፣ መሐረቡን ይፈልጋል። እሷን ግን አንድ ቀን ተቀምጦ ‹እውነት ነው?› አላላትም። እወዳታለሁ ይላል እንጂ አያውቃትም።»

«አንቺ ደግሞ!» አሏት። ሌላ ወሬ ገባ።

ሸርጣን ማቆያው ቦዩ ዳር ያለ የእንጨት ጎጆ ነው። ሳጥኖቹ ውሃው ውስጥ ተንጠልጥለው ይንቀጫቀጫሉ። እኔ ደጃፉ ላይ ቁጢጥ ብዬ ጋስቶኔ ሲለይ አያለሁ፤ ኤቫሪስቶ የተገለበጠ ቅርጫት ላይ ተቀምጦ ያስጠናዋል።

«‹ከእሷ የሚበልጥብኝ ነገር በዓለም የለም።› ድገም።»

«ከእሷ የሚበልጥብኝ ነገር በዓለም የለም።»

«ጥሩ። ቀጥል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ክር የነበረው ጭራሽ ቀጠነ። «ልጁ ቀሚሱን የሚለብሰው እቤትህ ነው አሉ። ሲያወልቅስ ማን ይፈታለታል? ቁልፉ እኮ ከኋላ ነው።»

ጋስቶኔ አልደገመም። እጁ ውስጥ ሸርጣን ይዞ ቆመ።

«መልሳ ስትለብሰው ምን ይሸታት ይሆን?»

 ቃሉ ጠፍቶበት ነው ብዬ ተጨነቅሁ። አባ አኪሌ ቃሉ የጠፋበትን ይቆጣሉ። «ጋሼ ጋስቶኔ» አልኩ፣ «ተራህ ነው።»

ሁለቱም ዞሩ። ኤቫሪስቶ ፈገግ አለ። «ሰማህ? ሕፃኗ እንኳ ገብቷታል።»

ጋስቶኔ ሸርጣኑን ሳያየው ወደ ባሕር ወረወረው። ነገ የሚጥል ይሁን አይሁን አላየም። ይህ ገረመኝ፤ የቀረው ግን አልገረመኝም። እንዲያውም ያ ቃል ደስ ስላለኝ ቤት ገብቼ አሻንጉሊቴን አስቀምጬ «መልሳ ስትለብሰው ምን ይሸታት ይሆን?» እያልኩ በወፍራም ድምፅ አስጠናት ጀመር።

«ምንድነው የምትይው አንቺ?» አለች እናቴ መርፌ አፏ ላይ ይዛ።

«የቴአትሩ ነው።»

«አባ አኪሌ ይሄን አሳለፉት? ጉድ ነው።» ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

ሠላሳ ዓመት ሲሞላኝ ባሌ ቬኒስ ወስዶ ያንኑ ቴአትር በትልቅ አዳራሽ አሳየኝ። ቃሉን በሙሉ አውቀው ስለነበር ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ነበር የማየው። የቀሚሱ ክፍል እስኪደርስ ጠበቅሁ። ሹሙ ገባ፣ ወጣ፤ መሐረቡ ጠፋ፣ ተገኘ። ባሌን በክርኔ ጎሸም አድርጌ «ዘለሉት» አልኩት። «ምኑን?» አለኝ።  ሴትዮዋ ታንቃ ስትሞት፣ መጋረጃው ሲወርድ፣ ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ፣ እኔ አሁንም እዚያ ሸርጣን ማቆያ ደጃፍ ላይ ቁጢጥ ብዬ ነበር።

ከቴአትሩ ቀን ቀደም ብሎ በነበረው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጉም ወረደ። ሴቶቹ ወጡ። የኛ አባት እንደወትሮው በፍጥነት መጣ። ኤልዳ እጇን አፏ ዙሪያ አድርጋ ጠራች።

«ጋስቶ…!»

መልስ የለም።

«ጋስቶ…!»

ሌሎቹ ሴቶች ዝም አሉላት፤ ጉም ውስጥ መልስ ሲጠፋ ሁሉም ዝም ይላል። እናቴ የኔን እጅ ያዘች። ኤልዳ ደጋግማ ጠራች፤ ድምፅዋ መሰንጠቅ ጀመረ። ከዚያ ውሃው ላይ የመቅዘፊያ እንጨት ድምፅ ተሰማ፤ ጀልባው ከነጩ ውስጥ ብቅ አለ። ጋስቶኔ ቆሞ ይቀዝፋል። ድምፅዋን ተከትሎ ነው የመጣው፤ በሌላ በምን ይመጣል? አፉ ግን ዝግ ነው።

«አንተ ሰው! ነፍሴን አወጣሃት እኮ!» አለችው እየሳቀችም እያለቀሰችም። «ጉሮሮህ ታመመ እንዴ?»

«ለነገ ድምፄን እያስቀመጥኩ ነው» አላት። አላያትም። አልፏት ገባ።

ይህ በጣም ትክክል መስሎ ታየኝ። እኔም የዚያን ዕለት ምሽት ድምፄን ለማስቀመጥ ብዬ አንድ ቃል ሳልናገር አደርኩ። እናቴ ምነው ሁልጊዜ ቴአትር በሆነ አለች።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ሞላ። የዓሣና የሰም ሽታ፣ የእርጥብ ካፖርት ሽታ። እኔ የፊተኛው ወንበር ጥግ ላይ ነኝ፤ ከዚያ የኤቫሪስቶ ጭንቅላትና ቀዳዳው ውስጥ ያለችው መብራት ይታዩኛል። ኤልዳ ከኋላዬ ነበረች፤ ጸጉሯን ተሠርታ፣ ጉንጯ ቀልቶ። የመሐረቡ ክፍል ሲመጣ ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ፤ አባ አኪሌ ከመጋረጃው ጀርባ «እሽሽ!» አሉ። የጋስቶኔ ድምፅ ግን ሳቁን አጠፋው። ስለ ክብሩ ሲናገር፣ ስለ ስሙ ሲናገር፣ ዓሣ አጥማጆቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እንደዚያ ተናግሮ አያውቅም። አንዴም ቃል አልጠፋበትም። ኤቫሪስቶ ሥራ ፈታ።

የመጨረሻው ክፍል አልጋው ነው። የሌሊት ልብስ በቤተ ክርስቲያን መድረክ አይታይም ስላሉ አባ አኪሌ፣ ሊቪዮ አረንጓዴውን ቀሚስ እንደለበሰ ተኝቷል። የአንገቱ ዳንቴል በመብራቱ ነጭ ሆኖ ይታያል። በልምምድ ጋስቶኔ እጁን አንገቱ ላይ ሳይነካ ያደርጋል፣ ሊቪዮ ሁለቴ ይራገጣል፣ ይሞታል። ሁለቴ ነው፤ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ።

ያን ዕለት ሊቪዮ መራገጡን አላቆመም። ተረከዙ ሳንቃውን ይመታል፤ ዷ፣ ዷ፣ ዷ። ሕዝቡ ትንፋሹን ውጦ ያያል፤ አንዱ ከኋላ «ወይ ጎበዝ!» አለ። ዛሬስ ጥሩ አድርጎ ይሞታል ብዬ እኔም ኮራሁ። ከዚያ ኤቫሪስቶን አየሁት። ጣቱ ገጹ ላይ ነው፤ አፉ ተከፍቷል፤ ምንም አይልም። መስመሩ ጠፋበት አልኩ በልቤ፤ ሹክ ባዩ ራሱ ጠፋበት፤ ታዲያ ለእሱ ማን ሹክ ይለዋል?

ያኔ ነው ኤልዳ የተነሳችው። እጇን አፏ ዙሪያ አደረገች።

«ጋስቶ…!»

  የጋስቶኔ እጆች ተከፈቱ። ወደ ድምፁ ዞረ፤ ፊቱ ግን የሚያይ ፊት አልነበረም፤ ጉም ውስጥ ያለ ሰው ፊት ነበር። ከንፈሩ ተከፈተ፤ ከዚያ በርሜል ከሚያክል ደረት የወጣው የሕፃን ድምፅ ነበር።

«…ኔ።»

 ቀጥሎ አዳራሹ በጭብጨባ ፈረሰ። ወንዶች እግራቸውን መሬት መቱ፤ እማማ ፒዬሪና አለቀሰች። አባ አኪሌ ወረቀት በመሰለ ፊት ሮጠው መጋረጃውን ዘጉ። እስከ ዛሬ የዚያን ጊዜ ሰዎች ተሰብስበው ሲያወሩ «እንደዚያ ያለ ቴአትር ከዚያ ወዲህ አልታየም» ይላሉ። መጨረሻው ላይ ሚስቱ ከተመልካች መሃል ስትጠራው! አባ አኪሌ እንዴት ያለ ነገር አሰቡ!

ሊቪዮ ጸደዩን ሁሉ አንገቱን በሻርፕ ጠቅልሎ ዋለ። ጉንፋን ይዞት መሰለኝ። ሲናገር ድምፁ ዝገት ነበረው። በበጋ ወደ ቶሪኖ ፋብሪካ ሄደ፤ ለማንም አንድ ቃል ሳይተነፍስ። ሰው «ትልቅ ከተማ አማረው» አለ።

በግድግዳው በኩል ሳቅ መግባቱ ቆመ። አንድ ቀን ብቻ ድምፅ ሰማሁ። የእሱ ድምፅ ነበር፣ ልብ በሚሰብር አኳኋን ዝቅ ያለ፤ «ኤቫሪስቶ እኮ ነው…»

«ኤቫሪስቶ ተናገረ» አለችው ኤልዳ። «ያመንከው አንተ ነህ። ያን ክረምት ሙሉ ፊት ለፊቴ ተቀምጠህ ስትበላ አንድ ቀን ‹ኤልዳ፣ እውነት ነው?› ብትለኝ ምን ነበረበት?»

ቴአትሩን እየደገሙ መሰለኝ። ቃሉ ግን ትንሽ ተለውጧል።

አልተለያዩም። በዚያን ጊዜ ሴት ባሏን ትታ የምትወጣበት በር አልነበረም፤ ቢኖርም ኤልዳ የምትወጣ አልነበረችም። አብረው ይበላሉ፣ አብረው ቅዳሴ ይሄዳሉ፤ ሸሚዙን ትተኩሳለች፣ የእንጨት ፍልጧን ይፈልጣል። ልጅ አልመጣም። አረንጓዴው ቀሚስ የት እንደገባ ማንም አላየም። አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ ጉም ሲወርድ ኤልዳ ከቤት አትወጣም። በሩን ዘግታ ዳንቴሏን ትሠራለች።

የመጀመሪያው ጉም ሲመጣ እናቴ የኤልዳን ደጃፍ አየች፣ አየች፣ በመጨረሻ ራሷ ወጥታ «ጋስቶኔ! በዚህ ነው! በዚህ!» ብላ ጮኸች። ሙሉ ስሙን። ከጉሙ ውስጥ መልስ አልመጣም፤ ጀልባው ግን መጣ። ከዚያ ወዲህ የእናቴ ሥራ ሆነ። እናቴ ሲደክማት የኔ ሆነ። ባሌን ጠርቼ ስጨርስ ጋስቶኔን እጠራለሁ። «ሁለት ባል አለሽ» እያለ ባሌ ይቀልድብኝ ነበር። ጋስቶኔ አንድም ቀን መልሶልኝ አያውቅም። ሙሉ ስም የሚመለስበት ቦታ የለውም።

ከቬኒሱ ቴአትር በኋላ ኤቫሪስቶ ዘንድ ሄጄ ነበር። አርጅቶ ሱቁ ደጃፍ ፀሐይ ይሞቃል። ጸጉሬን ሊያሳጥርልኝ ሲጀምር «ጋሼ ኤቫሪስቶ» አልኩት፣ «ያ የቀሚሱ ቃል የስንተኛው ክፍል ነበር?»

መቀሱ ቆመ። ከዚያ ቀጠለ። «ልጄ፣ ሹክ ባይ የራሱ ቃል የለውም። ሰው የረሳውን ብቻ ነው የሚያቀብለው።»

«ታዲያ ጋስቶኔ ምን ረስቶ ነበር?»

ሬዲዮኑን ከፍ አደረገው። ጸጉሬን ጥሩ አድርጎ ቆረጠልኝ።

ያለፈው ክረምት ጋስቶኔ ወደቀ። መጀመሪያ እግሩ፣ ቀጥሎ አእምሮው። ሸርጣን ለይቶ የማያውቅ ሆነ። ከዚያ አንድ ጠዋት በግድግዳው በኩል ድምፅ ገባ።

«…ኔ! …ኔ!»

ሻይዬን ትቼ ተነሳሁ። አርባ ዓመት ያልሰማሁት ነገር ነው። ሄጄ በሩን ከፈትኩ። ጋስቶኔ አልጋው ላይ ነው፣ ዓይኑ ጣራው ላይ፤ እየቀዘፈ እጆቹን ያንቀሳቅሳል። «…ኔ!» ይላል፤ ጆሮውን ሰጥቶ ይጠብቃል፤ «…ኔ!» ይላል። ኤልዳ አጠገቡ ተቀምጣ የዳንቴል ትራሷን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትሰፋለች። ጸጉሯ ከዳንቴሉ ነጥቷል።

«ከትናንት ጀምሮ እንዲህ ነው» አለችኝ።

«እትዬ ኤልዳ፣ አንድ ጊዜ ጥሪው። እባክሽ።»

«አንቺ ትጠሪው የለም?»

«የኔ ሙሉው ነው። እሱ የሚፈልገው ግማሹን ነው።»

መርፌዋ ወጣ፣ ገባ። ዕድሜ ልኬን ስትቀጣው የኖረች ይመስለኝ ነበር። ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምንለው፤ ልቧ ድንጋይ ነው፤ ቂም አትረሳም፤ ይህን ያህል ዓመት!

«ያኔ ስጠራው መለሰልኝ» አለች ቀና ሳትል። «ምን እየሠራ ሳለ እንደመለሰልኝ ታውቂያለሽ። ከዚያ ወዲህ አፌን በከፈትኩ ቁጥር የዚያ ልጅ ተረከዝ ሳንቃውን ሲመታ እሰማለሁ። እንቢ ብዬ አይደለም፣ ኒቬስ። ስንቴ ደጃፍ ድረስ ወጥቼ አውቃለሁ። አይወጣልኝም።»

 ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ውጭ ጉሙ መስኮቱ ላይ ተጋድሟል፤ ማዶ ያለው ቀይ ቤት ጠፍቷል። የጋስቶኔ ድምፅ እየቀነሰ ሄደ። ወደ እኩለ ቀን ገደማ ድምፅ መሆኑ ቀርቶ የከንፈር እንቅስቃሴ ብቻ ሆነ። እጆቹ መቅዘፍ አቆሙ።

ኤልዳ ትራሷን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ተነሳች። በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ አልጋው ግርጌ፣ ቦይ ዳር እንደሚቆም ሰው እግሯን አመቻችታ ቆመች። እጆቿን አፏ ዙሪያ አደረገች። ሁለቴ ትንፋሽ ወሰደች፤ ሁለቴም ባዶ አየር ብቻ ወጣ። በሦስተኛው፣

«ጋስቶ…!»

የመስኮቱ መስታወት ተርገበገበ። ደጅ የሚያልፍ ሰው ሲቆም ሰማሁት።

ጠበቅን። ከንፈሩ እንደተከፈተ ነው፤ አይንቀሳቀስም። ደረቱንም አየሁ። አይንቀሳቀስም።

የቀረችው አንዲት ፊደል የኔ አፍ ውስጥ ነበረች። ምላሴ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ሹክ ብል፣ በቀጭን ድምፅ፣ ከእሱ የወጣች ትመስላለች፤ ኤልዳ ዓይኗን ጨፍናለች። ለሰው የሌላን ሰው ቃል ማቀበል ምን እንደሚያደርግ ግን በልጅነቴ አይቻለሁ። ጥርሴን ነከስኩ።

ኤልዳ እጆቿን ከአፏ አላወረደችም። ጭንቅላቷን ትንሽ ዘንበል አድርጋ፣ ጆሮዋን ወደ ጉሙ ሰጥታ፣ እንደቆመች ነበረች።